በደሴ የሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ፦ ዓላማው፣ ታሪኩና አገልግሎቱ

በደሴ ከተማ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ያቋቋሙትን የአረጋውያን መጦሪያ በቅርብ የማውቀው አክስቴ እዚያ ስለሚኖሩ ነው። አክስቴ ሙስሊም ናቸው፤ ስለዚህ ቤቱን የምመዝነው ከአልጋውና ከምግቡ አስቀድሜ «ጧሪ ቀባሪ ያጣውን ሁሉ በእምነት ሳንለይ እንጦራለን» የሚለውን ዓላማውን ምን ያህል እንደጠበቀ በማየት ነው።

የመጦሪያው መነሻ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዘመን የወሎ ገጠር ሕዝብ ወደ ኮረምና ወደ ባቲ የእርዳታ ጣቢያዎች ሲጎርፍ፣ ብዙ ወላጅ ልጆቹን በየመንገዱና በየመጠለያው ቀብሮ ብቻውን ተርፏል። ያኔ በጨቅላነታቸው የተቀበሩት ቢኖሩ ኖሮ ዛሬ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ጎልማሶች ይሆኑ ነበር። የደብሩ እናቶች ማኅበር እንዲህ ላሉት ሰዎች በየቤታቸው እንጀራ ማድረስ ጀመረ፤ ሰዎቹ እያረጁ፣ እየደከሙ ሲሄዱ ደግሞ ምእመናኑ ገንዘብ አዋጥተው ቤቱን ሠሩ። ጡረታ የሚደርሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በድርጅት ተቀጥሮ ለሠራ ሰው እንጂ ዕድሜውን በሞፈርና በቀንበር ለጨረሰ ገበሬ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ የሚደነግገው አቅም በፈቀደ መጠን ነው። ከዚህ ላይ የወጣቱ ወደ ዓረብ አገር መሰደድ ሲጨመር፣ ገንዘብ የሚልክለት እያለ ውኃ የሚያቀብለው ያጣ አረጋዊ በዝቷል፤ አክስቴም ከእነዚህ አንዷ ናቸው።

ዓላማው በተግባር የሚታየው በማድ ቤቱ ነው። ሥጋ በሚሠራበት ቀን ሁለት ምድጃ ይነዳል፤ የሙስሊሞቹን በግ ከጎረቤት የሚመጣ ሙስሊም ያርደዋል፣ ወጡንም ሙስሊም ሠራተኛ ትሠራዋለች። ጭልፋዎቹ እንዳይደባለቁ በየእጀታቸው ላይ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮባቸዋል። በረመዳን ለጾመኞቹ የሱሁር ሾርባ በፔርሙዝ ተዘጋጅቶ ያድራል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ለክርስቲያኖቹ የጾም ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል። ተዝካር ያወጣም ሰደቃ ያበላም የከተማው ሰው ወደዚሁ ግቢ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤቱ የሁሉም እንደሆነ ሕዝቡ አይቶ አረጋግጧል።

ቡናው ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይፈላል። አክስቴ ማየት ስለተሳናቸው አስታማሚዋ አቦሉን «ጀባ» ብላ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ታስይዛቸዋለች፣ ጨብጠው እስኪይዙትም እጇን አታነሣም። በቅርቡ አንድ አባት ሲያርፉ የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ድንኳን ተክሎ እንደማንኛውም አባሉ ቀብሯቸዋል፤ መጦሪያው በነዋሪዎቹ ስም ለቅሬው መዋጮ ይከፍላልና። ዘመድ የሌለው አረጋዊ ከሞቱ በላይ የሚያስጨንቀው አቀባበሩ ስለሆነ፣ ይህን አሠራር ከአገልግሎቱ ሁሉ አስበልጬ አመሰግነዋለሁ።

ሊስተካከሉ የሚገባቸው ጉዳዮችም አሉ። የደሴ ብርድ ለሽማግሌ አጥንት ከባድ ሆኖ ሳለ በሰሜን በኩል ያሉት ክፍሎች ወለላቸው ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ምንጣፍና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያስፈልጋቸዋል። ሌሊት የሚያድሩት አስታማሚዎች ጥቂት በመሆናቸው አልጋ ላይ የዋሉትን በየጊዜው ማገላበጥ ይዘገያል፤ መኝታ ቁስል የሚጀምረው ደግሞ እንዲህ ባለው መዘግየት ነው። የገቢና የወጪ ሒሳቡም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየጊዜው ቢለጠፍ ሕዝቡ የሰጠው ገንዘብ የት እንደዋለ በግልጽ ያያል። ኃላፊው ይህን ሳነሣላቸው በትዕግሥት አዳምጠውኛል፤ ሆኖም እስካሁን የተለጠፈ ነገር አላየሁም።

ዘመዱን ወደዚህ ቤት ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ቅድሚያ የሚሰጠው ፈጽሞ ጧሪ ለሌላቸው መሆኑን ይወቅ፤ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እና የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። ልጆቹ በውጭ አገር ያሉበት አረጋዊ ቦታ ሲገኝ በመዋጮ ይገባል፤ የመዋጮው መጠንና ልጆቹ መክፈል ቢያቅታቸው አረጋዊው ምን እንደሚሆን ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ቤተሰቦቹ ይጠይቁ። እኛ ጠይቀን ክፍያ ቢቋረጥም አክስቴ ከቤቱ እንደማይወጡ በማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ተሰጥቶናል።