መኪናችሁ ጎማ እየበላ ላስቸገራችሁ፦ አዳማ ያሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

አዳማ ውስጥ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። የጻፍኩት አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የእኛ መኪና በፈረንጅ የ1990ዎቹ ኮሮላ ናት። አባቴ ለዓመታት የነዷት፣ አሁን እኔ የምይዛት። ሞተሯ ዛሬም ጤነኛ ነው። ችግሯ ጎማ መብላት ነበር። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከውስጥ በኩል ሙልጭ ይላሉ። በውጭ በኩል ግን ጥርሳቸው ገና አለ። የግራው ይብስ ነበር፤ ሽቦው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ይህ አበላል አደገኛ የሚሆነው ስለማይታይ ነው። ቆሞ ላያት ሰው ጎማዋ ደህና ይመስላል። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ወይም ተንበርክኮ ያላየ አያውቅም። እኔ ደግሞ እናቴን ለሕክምና ይዤ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ያ ጎማ በዚያ ፍጥነት ቢፈነዳ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫና አቋም ማስተካከያ፣ ይሠራላት ተባልኩ፤ ወሰድኳት። ስሙን የማላነሳው አንድ ቤት ማሽን ላይ አወጣት፣ አስተካከለ፣ ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ ማለትም ልኩ ላይ ነው። አዲስ ያስገባሁት ጎማ ግን ብዙም ሳይቆይ በዚያው በውስጥ በኩል መበላት ጀመረ።

ወደ እኚህ ባለሙያ የላከኝ የሰፈራችን ታክሲ ነጂ ነው። እንደደረስኩ፣ «ጋሼ፣ አላይመንት ብቻ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ጎማውን ልየው» አሉ። ማሽኑን ዞር ብለውም አላዩትም። መዳፋቸውን በጎማው ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ አስኬዱ። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው እንደዚያው አስደረጉኝ። በአንድ አቅጣጫ ልስልስ ይላል፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጥጣል። ይህ ጎማው ቀጥ ብሎ እየተንከባለለ ሳይሆን በጎን እየተጎተተ መሄዱን እንደሚያሳይ ነገሩኝ። ሁለቱም ከውስጥ መበላታቸው፣ የፊት ጎማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ ከፍተው እንደሚሄዱ ይጠቁማል። ይህ የአፍንጫቸው አቅጣጫ ልክ ቶ ይባላል። የግራው መባሱ ደግሞ በዚያ በኩል ያለቀ ዕቃ ሊኖር ይችላል ማለት ነው አሉ።

አንድ ጎማ በ1 ዲግሪ ብቻ ከመስመሩ ቢዛነፍ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል በጎን ይጎተታል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ጎማ አንድ ጊዜ ደርሶ ሲመጣ ሳይሆን፣ በአንድ መሄጃ ብቻ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል አስፋልት ላይ በጎኑ ተፈገፈገ ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ አዲሱ ጎማ ለምን ቶሎ እንዳለቀ መጠየቅ አቆምኩ።

ቀጥለው መኪናዋን በክሪክ አነሱ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ነቀነቁት፤ ግው ግው አለ። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ የታይሮዱ ጫፍ ላልቷል። ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ግን ዝም አለ። ስለዚህ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታና የጎማውን መጋጠሚያ የሚይዘው ቦል ጆይንት ደህና ናቸው አሉ። ከዚያ በፌሮ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን የግራውን ብራቾ ገፋ ገፋ አድርገው፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ መቀደዱን አሳዩኝ። ለረዳታቸው መብራት እንዲይዝልኝ ነግረው በዓይኔ እንዳየው አደረጉ። ብዙ ጋራዥ ሄጃለሁ፣ መኪናዬ ሥር ያለውን ነገር እንዲህ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ታዲያ የመጀመሪያው ወረቀት ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸውን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ለብዙ ሰው ገንዘብ ያድናል። ማሽኑ መኪናዋን የሚለካት ቆማ ነው። የላላ ዕቃ ቆሞ ሲለካ ልኩ ላይ ሊገኝ ይችላል። መንገድ ላይ ስትወጡ፣ ፍሬን ስትይዙ፣ ጉድጓድ ስትገቡ ግን ዕቃው ይሸሻል፣ ጎማውም አብሮት ይዞራል። የላላ ነገር ሳይቀየር የተሠራ አላይመንት ከግቢው በር አያልፍም አሉኝ።

በዚያን ቀን አላይመንቱን አልሠሩልኝም። ገንዘቡን ይዤ ቆሜ እያዩኝ፣ «ዕቃውን ቀይረሽ ነይ፣ አሁን ብሠራልሽ ሌብነት ነው» አሉ። የሚገዛውን ዕቃ በወረቀት ጻፉልኝ። ታይሮዱን በሁለቱም በኩል እንድቀይር፣ ጎሚኒውንም ርካሽ ብዬ ለስላሳውን እንዳልገዛ መከሩኝ። ለምርመራው ምንም አላስከፈሉኝም። ይህንን ነው በአደባባይ ማመስገን የፈለግኩት።

ዕቃው ተቀይሮ ስመለስ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ቆሜ አየሁ። በቅድሚያ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ለኩ። ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርገው አሰሩት። የታይሮዶቹን ዳዶ ፈትተው ግራና ቀኙን እኩል እያዞሩ ቶውን ልኩ ላይ አመጡት። በአንድ በኩል ብቻ ቢዞር ጎማው ቢስተካከልም መሪው ተጣሞ ይቀራል። ካምበሩን፣ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን ልክ በተመለከተ ደግሞ በግልጽ ነገሩኝ። በእንደዚህ ዓይነት ኮሮላ የፊት ካምበር በፋብሪካው ቡሎን አይስተካከልም። ከልኩ ከወጣ ያረጀ ወይም የታጠፈ ነገር አለ ማለት ነው፤ የእኔም ጎሚኒው ሲቀየር ወደ ልኩ ተመለሰ። የማይሠራውን «ሠርቻለሁ» ብለው ማስከፈል ይችሉ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበርና። በመጨረሻ ራሳቸው ነድተው ፈተሿት፤ መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉ ቀጥ ብላ ሄደች።

100 ስነዳ መሪው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ስነግራቸው ያ የአላይመንት ጉዳይ እንዳልሆነ አስረዱኝ። አላይመንት ሲበላሽ መኪና ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማ ይበላል። በፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ ንቅጥቃጤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል ያለመሆን ጉዳይ ነው። ፈትሸው አንዱ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ብረት) ጉድጓድ መትቶት መታጠፉን አገኙ። እሱን አስተካክለው ባላንስ ሠሩ፤ ንቅጥቃጤው ጠፋ።

የእናንተንም ጎማ እዩት። መሃሉ ብቻ ከተበላ ንፋሱ በዝቷል። ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሃሉ ከቀረ አንሷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ እያለ ከሆነ አሞርዛተሩን (ንዝረት የሚያበርደውን ዕቃ) ወይም ባላንሱን አስፈትሹ። ስለ ንፋስ አንድ ነገር ልጨምር፣ የአዳማ ሙቀት ያሳስታልና። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማ ንፋስ ወደ 2 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ለኩ። ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ጎሚስታው ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ቁጥር ከሞላ እሺ አትበሉት።

ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጅ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ያረጀ ብዙ አለ። ይህንንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ልገዛው የነበረውን አንዱን እንዳልገዛ አስቀሩኝ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእናቴም ምርቃት ይድረስዎ። አዲሶቹ ጎማዎች እስካሁን ከውስጥም ከውጭም እኩል ናቸው፤ በየጊዜው መሪውን አዙሬ አያቸዋለሁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ከመኪናው ከባድ ጭነት አውርዱ። የተበላውን አሮጌ ጎማ ካልጣላችሁት ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ ማየት ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ወረፋው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል።