ቫኖሱን መቀየር ወይስ መጠገን? ከኢ-46 ኤም-3 ጋር ያሳለፍኳቸው ወራት

በቨርጂኒያ የምነዳው መኪና የእ.ኤ.አ. 2003 ሞዴል ቢኤምደብሊው ኤም-3 ነው፤ ኢ-46 የዚህ ትውልድ መለያ ስም ነው። ኤስ-54 የሚባለው ሞተሩ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ባለ 3.2 ሊትር ሲሆን፣ እስከ 8,000 ዙር በደቂቃ ይደርሳል፤ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውም 333 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። እዚህ የምገመግመው በዚህ ሞተር ላይ ያረጀብኝን አንድ ክፍል፣ ማለትም ቫኖስ የሚባለውን የካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውና የሚዘጋው ዘንግ) ማስተካከያ ነው። ሙሉውን አውልቄ በአዲስ ከመተካት ይልቅ የተበላውን ብቻ አስጠግኜ የብርዱንም የሙቀቱንም ወራት ነድቼበታለሁ።

ቫኖስ የአየር ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን ካምሻፍቶች እንደ ሞተሩ ፍጥነትና ጭነት ወደፊትም ወደኋላም ያዞራቸዋል። በዚያው ዘመን በተሠሩት ተራ የቢኤምደብሊው ሞተሮች ላይ ይህን የሚያደርገው የሞተሩ የተለመደ የዘይት ግፊት ሲሆን፣ በኤስ-54 ላይ ግን ለብቻው የተሠራ ፖምፓ ግፊቱን ከ100 ባር በላይ ያደርሰዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ፖምፓ ነው። ፖምፓው የሚዞረው በጭስ ማውጫው ካምሻፍት ጫፍ ላይ በታሰረው ሀብ በሚባል ክብ ብረት ሲሆን፣ የሀቡ ሁለት አጫጭር ጥርሶች በፖምፓው ዲስክ ላይ ወዳሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ቀዳዳዎቹ ከጥርሶቹ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ሞተሩ በሠራ ቁጥር ብረት ብረትን ይመታል፤ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጥርሱ ሊሰበር፣ ስባሪውም ካቴናው ወደሚዞርበት ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የቫኖስ መሆኑ ይቀርና የሞተሩ ይሆናል።

በእኔ መኪና ላይ ምልክቶቹ ቀስ በቀስ ነው የመጡት። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ብይ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከ3,500 ዙር በታችም ነዳጅ ሲሰጠው የሚስበው በስንፍና ነበር፤ በኋላም የሞተር መብራቱ በራ። መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ ሙሉው ቫኖስ ይቀየር ብሎ የሰጠኝ ግምት በመጨረሻ ለጥገናው ከከፈልኩት በብዙ የሚበልጥ ነበር። ሁለተኛው መካኒክ የአገራችን ልጅ ነው። ግምቱን አንብቦ ሲጨርስ «ወንድሜ፣ አዲሱን ገዝተህ ብታስገባውም ሀቡ የድሮው ነው፤ መጀመሪያ እርሱን ከፍተን እንየው» አለኝ።

ፍርዴን የወሰነው ይህ አስተያየት ነው። ሀቡ ከካምሻፍቱ ጋር የሚታሰር ራሱን የቻለ ክፍል በመሆኑ ከአዲሱ ቫኖስ ጋር በአንድ ሣጥን አይመጣም፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፖምፓ ደግሞ ያንኑ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ዲስክ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለሙሉው የሚከፍል ሰው ብዙውን ገንዘብ የሚያወጣው ገና ብዙ ሊያገለግል ለሚችለው የብረት አካል ሲሆን፣ የመሰበሩ ምክንያት ግን ባለበት ይቆያል።

ሲከፈት አንደኛው ጥርስ በጎኑ ተበልቶ ስለ ተገኘ ሀቡ በአዲስ ተተካ፤ ዲስኩም ቀዳዳዎቹ ለጥርሶቹ ልክ በሆኑ፣ ክፍተት በማይተዉ ሌላ ዲስክ ተለወጠ። በሙቀትና በዘይት ብዛት የደረቁት ናይትራይል ከሚባል ጎማ የተሠሩ ማሸጊያ ጎሚኒዎች ሙቀትን በተሻለ በሚቋቋም፣ ቪቶን በሚባል ጎማ ተተኩ። ካምሻፍቱን የሚነዱት ክፍሎች ብሎኖችም እየላሉ ስለሚሄዱ በአዲስ ታሰሩ። አራቱን ሶሌኖይዶች (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ) የያዘው የኤሌክትሪክ ክፍል ላይ ግን ጥገናን አልመረጥኩም። ውስጡ የሚሰነጠቀውን ብየዳ እንደገና የሚበይዱ አሉ፤ ነገር ግን ዋናው ወጪ የእጅ ዋጋ በመሆኑ፣ ያ ብየዳ ቢከዳኝ ቴስታታው አካባቢ ለሚሠራው ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳልከፍል ስል አዲስ ገዛሁ። የቴስታታው ክዳን እንደተነሳም የቫልቮቹ ክፍተት ተለክቶ ተስተካከለ፤ ልኩ ለማስገቢያው ከ0.18 እስከ 0.23፣ ለማውጫው ከ0.28 እስከ 0.33 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በዚህ ሞተር ላይ በየ30,000 ማይሉ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ለውጥ ከፊሉ የጠበቅኩት፣ ከፊሉ ያልጠበቅኩት ነው። ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ይሰማ የነበረው ድምፅ ጠፍቷል፤ በብርድ ጠዋት ግን ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ጆሮውን ለሚሰጥ ሰው ትንሽ ይሰማል፣ ይህም በወራቱ ውስጥ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ዝቅ ባለ ዙር ላይ የነበረው ስንፍና ለቅቆታል፤ በተለይ በከተማ መንገድ በሦስተኛ ማርሽ ተሽከርካሪን አልፎ ለመሄድ ማርሽ መቀነስ ብዙም አያስፈልገኝም። ከፍ ባለው ዙር ላይ ልዩነት አላየሁም፤ በነዳጅ ፍጆታም ቢሆን ተሻሽሏል ብዬ የምናገረው ነገር የለኝም። ለዚህ ሞተር የታዘዘውን 10ደብሊው-60 ዘይት በተቀየረ ቁጥር ፊልትሮውን አስቀድጄ አየዋለሁ፤ እስካሁን የብረት ስባሪ አልተገኘበትም። ከክዳኑ አንድ ጥግ ዘይት ማርጠብ ጀምሮ ነበር፤ ብሎኖቹ ጠበቅ ሲደረጉ ቆሟል።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር ይጠገናል ማለት አይደለም። በዚሁ ሞተር የሚታወቀው ሌላው ደካማ ጎን፣ የቢየላ ብሮንዚን (ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚገናኝበት ስስ ብረት)፣ ጥገና የሚባል ነገር የለውም፤ ሳይከዳ ይቀየራል። ቫኖሱም ቢሆን በራሱ ውስጥ ያሉት ፒስቶኖች የሚመላለሱበት ግድግዳ ከተጫረ፣ ወይም ካምሻፍቶቹን በልካቸው የሚያስርበት ልዩ መሣሪያና ልምድ ያለው መካኒክ በአቅራቢያ ካልተገኘ፣ ሙሉውን መቀየር ትክክለኛው ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ የካምሻፍቱ ጊዜ በጥቂቱ ከተዛባ በጥገናው የተቆጠበው ሁሉ ይጠፋል። ያገለገለ ኤም-3 ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ሻጩ «ቫኖሱ ተቀይሯል» የሚል ደረሰኝ ሲያሳየው፣ በዚያው ደረሰኝ ላይ የሀቡ ስም መኖሩን ቢፈትሽ ይበጀዋል።