ኮምፒውተሬን «ጣዪው» ሲሉኝ ያዳነልኝን ባለሙያ ላመስግን

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፤ ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በእሷ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ኮምፒውተር ቆመ ማለት ለእኔ እንጀራዬ ቆመ ማለት ነው።

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ (ማይክሮሶፍት የሚልከው ማሻሻያ) ሲያበቃ ስጋት ገባኝና አሮጌውን ማሽን ይዤ ወጣሁ። አንዱ ጠጋኝ ገና ሳይከፍተው «ይሄ ፕሮሰሰሩ የድሮ ነው፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን፤ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም፤ ጣዪውና አዲስ ግዢ» አለኝ። ሌላው «እኔ በግድ እጭነዋለሁ» ብሎ ጫነው፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ መንቀሳቀስ አቃተው። ይባስ ብሎ ራሙ (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋባይት ሆኖ ገብቶ 4 ሆኖ ወጣ። ብጠይቀው ዓይኔን እያየ «ድሮም 4 ነበር» ብሎ ካደኝ። ስሙን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ። ሦስተኛው ጋ ደግሞ «ከዱባይ የመጣ ንጹሕ ዕቃ» የተባለ ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ገዛሁ። በወሩ ባትሪው አብጦ ኪቦርዱን ከሥር ገፍቶ አነሳው። ስመልሰው የሚያናግረኝ እንኳን አጣሁ። ስንት ቀን አልቅሻለሁ!

ከዚያ የ60 ሺህ ብር እቁብ ወጣልኝ። አንዲት መምህርት ደንበኛዬ «ከመግዛትሽ በፊት እሱን አማክሪው» ብላ መገናኛ ወደሚሠራው ልጅ ላከችኝ። ብሩን ይዤ ነው የሄድኩት። እሱ ግን የትኛውን ልሽጥልሽ አላለኝም። «እህቴ፣ በቀን ምን ምን ትሠሪበታለሽ?» ነው ያለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው መጀመሪያ ያለሽን ልየው» ብሎ በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጣ።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ በቡና ሲኒ ውስጥ አስቀመጠ። አቧራውን በብሩሽ ጠረገ። ማሽኑ ደህና ነው፣ የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ እሱንም የጎዳው መብራት ድንገት እየጠፋ መምጣቱ ነው አለኝ። ከዚያ የተበላሸ ወረቀት ገልብጦ ሒሳቡን ፊት ለፊቴ ጻፈው፤ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ)፣ ራምና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ)፣ በቃ። ከነእጅ ዋጋው 17 ሺህ ብር! ራሙ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፣ ኤስኤስዲው ግን አዲስ ይሁን፣ እሱ ላይ ብር አትቆጥቢ አለኝ። ቀሪውን ብር ለልጆቼ ትምህርት ቤት ከፈልኩበት።

ዊንዶውሱንም ሊኑክስ ሚንት በሚባል ሌላ ሲስተም ቀየረልኝ፤ ነፃ ነው። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። የማውቀው ሳይጭነው በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስቶ በራሴ ፕሪንተር አንድ ማመልከቻ አትሞ እንዳሳየኝ ነው፤ «ካልተመቸሽ እንተወዋለን» ብሎ። አሁን የተማሪ ፍላሽ የሚሰካው እዚያ ላይ ነው፤ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አላስቸገረኝም። ጉድለቱንም አልደበቀኝም። በማይክሮሶፍት ወርድ የተሠራ ሠንጠረዥ እዚህ ላይ አንዳንዴ ስለሚዛባ የመመረቂያ ጽሑፍና ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው) ቤቴ ባለችው ሁለተኛ ማሽን ይሁን፣ እሷ ዊንዶውስ 11ን ትቀበላለች ብሎኛል።

የማልረሳለት ግን የዚያን ዕለት ምሽት ያደረገውን ነው። የአንዲት ተማሪ 94 ገጽ ጽሑፍ በደከመው ዲስክ ውስጥ ነበር። የእሷ ፍላሽ ተበላሽቷል፣ ዲፌንሷ (ጽሑፏን በመምህራን ፊት የምታቀርብበት ቀን) ሰኞ ነው። ዲስኩ እየቆመበት፣ እያሳረፈ፣ እንደገና እያስነሳ፣ እስከ ማታ 3 ሰዓት ቁጭ ብሎ አወጣላት። የመጀመሪያው ገጽ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ልጅቷ ወረቀቱን አቅፋ አለቀሰች፣ እኔም አልቻልኩም። ተጨማሪ ብር ብሰጠው እምቢ አለ። ሲወጣ አሮጌውን ዲስክ በወረቀት ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠና «የሰው ሥራ አለበት፣ ካንቺ እጅ አይውጣ» አለኝ። ያ ራሜን ካወጣብኝ ሰው በኋላ ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ፣ እናትህን ያኑርልህ። እናንተም እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ማሽን ከመጣላችሁ ወይም አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አማክሩት። ስልኩን እሱኑ አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ምን እንደምትሠሩበት አስቀድማችሁ አስቡ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።