ለፍላይት ሲሙሌተር የትኛው ይቅደም፦ ፕሮሰሰር ወይስ ግራፊክስ ካርድ?

ጅማ ላይ ለኮምፒውተር ሠራተኛ «ሲሙሌተሬ ይንቀረፈፋል» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ግራፊክስ ካርድ ቀይር»። ለኳስና ለተኩስ ጌም ምክሩ ያስኬዳል። ለፍላይት ሲሙሌተር፣ ማለትም ለአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም፣ ግን ቆም በሉ። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ካልሆነላችሁ መመለሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ብዙ ሰው ጋ ያለውን ዓይነት ዴስክቶፕ እንውሰድ፦ ኤኤም4 ማዘርቦርድ፣ ራይዘን 5 3600፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ 16 ጊጋ ራም። ምርጫው ፕሮሰሰሩን ወደ ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ መቀየር ወይስ ካርዱን ወደ አርቲኤክስ 4060 ነው።

የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 የበረራውን ስሌት፣ የኮክፒቱን መሣሪያዎችና የሌሎቹን አውሮፕላኖች እንቅስቃሴ በአብዛኛው የሚጭነው በአንድ የፕሮሰሰር መስመር ላይ ነው። ኮር ቢበዛ ያ አንዱ መስመር ካልፈጠነ ካርዱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። 5700ኤክስ3ዲ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የ3600 ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) 32 ሜጋ ሲሆን የእሱ 96 ሜጋ ነው። ሲሙሌተሩ ደጋግሞ የሚፈልገው ዳታ እዚያው ቅርቡ ስለሚገኝ ወደ ራም መመላለሱ ይቀንሳል። ከፍሬሙ ቁጥር (በሴኮንድ ከሚታዩት ምስሎች ብዛት) በላይ የሚለወጠው መንገጫገጩ ነው። ለእኔ ደግሞ በማረፊያ ሰዓት ከማይንገጫገጭ 35 ፍሬም ይልቅ የሚዋዥቅ 60 የሚመርጥ ሰው አይገባኝም።

4060 ሌላ መንገድ ይዞ ይመጣል። ዲኤልኤስኤስ 3 በሚባለው የካርዱ ቴክኖሎጂ በሁለት ፍሬሞች መሃል አዲስ ፍሬም ራሱ ይፈጥራል። ፕሮሰሰሩ ደካማ ቢሆንም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ነገር ግን መነሻው 20 ፍሬም ከሆነ የኮክፒቱ ጽሑፍ ሊንሻፈፍ ይችላል፤ መሪውም ይዘገያል። ሜሞሪው 8 ጊጋ ብቻ ነው። በ4ኬ ስክሪን ላይ ከባድ ተጨማሪ አውሮፕላን ስትጭኑ ይሞላል። ያገለገለው 3060 12 ጊጋ አለው፤ ያንን ፍሬም መፍጠሪያ ግን አያገኝም።

የትኛው እንደሚያንሳችሁ በነፃ ማወቅ ይቻላል። ለንደን ሂትሮው ላይ ቁሙ። አባ ጅፋር ኤርፖርት ላይ አትሞክሩ፤ ከለንደን አንጻር ጅማ ቀላል ጭነት ስለሆነች ታታልላችኋለች። ከዚያ ሬንደር ስኬሊንግን (ምስሉ የሚሳልበትን ጥራት) ከ100 ወደ 50 አውርዱ። ፍሬሙ ካልጨመረ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው። ዘለል ካለ ካርዱ ነው። በዴቨሎፐር ሞድ የሚወጣው የፍሬም መቁጠሪያም ያዘገየው ያ አንዱ የፕሮሰሰር መስመር ከሆነ «ሊሚትድ ባይ ሜይን ትሬድ» ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል።

የእኔ ፍርድ፦ ስክሪናችሁ 1080ፒ ከሆነና ትልልቅ ኤርፖርቶችን ከወደዳችሁ ፕሮሰሰሩን ግዙ። ስክሪኑ 1440ፒ ከሆነና ከከተማ ርቃችሁ ተራራና ደመና የምታዩ ከሆነ ካርዱ ይሻላል።

ፕሮሰሰሩን ለመረጠ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሮጌው ሳይነቀል ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ሶፍትዌር) መታደስ አለበት። በእድሳቱ መሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አትጀምሩ። ማቀዝቀዣም ከካርቶኑ ጋር አይመጣም። 4060 በዚህ በኩል ሰላም ነው፤ 115 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላይ አያስቀይርም።

ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) መክፈቻውን ያፈጥናል እንጂ ፍሬም አይጨምርም። ራም ወደ 32 ጊጋ ማሳደግ ግን ርካሽ ነው፤ 16ቱ እየሞላባችሁ ከሆነ መንገጫገጩን ይቀንሳል። የመሬቱ ምስል በኢንተርኔት ስለሚመጣ ኢንተርኔታችሁ ዘገምተኛ ከሆነ መሬቱ ይደበዝዛል፤ እሱን ከፍሬም ማነስ ጋር አታምታቱት። ካርድ ብትቀይሩም አይጠራም።

ላፕቶፕ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ የእናንተ ፕሮሰሰር አይቀየርም፤ የምትገዙት ነገር ካለ ራም ብቻ ነው። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተጫወቱ። «ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴል»ን (የመሬቱን ዝርዝር መጠን) ወደ 100 አውርዱ፣ ትራፊኩን አጥፉ፣ የኮክፒት ስክሪኖቹን እድሳት ዝቅ አድርጉ፣ ፍሬሙን 30 ላይ ቆልፉት። ያም ካቃተው ፍላይትጊር የሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ነፃ ነው፤ ለደካማ ማሽንም ይቀላል።