ከኮምቦልቻ ደሴ በ34 ጥርስ፦ የሺማኖ 11-34 ካሴት ከ9 ወርና ከ5,600 ኪሎ ሜትር በኋላ

ደሴ ላይ ቀላል የብስክሌት ቀን ማግኘት ከባድ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሳይወጣ ቤቱ አይገባም፤ ወደ ሐይቅ የሄደውንም ሲመለስ የሚጠብቀው ዳገት ነው። 200 እና 300 ኪሎ ሜትር ለመንዳት የሚዘጋጅ ሰው ግን አብዛኛውን ልምምዱን እያወራ መሄድ በሚችልበት፣ ትንፋሹ በማይቆራረጥበት ፍጥነት መንዳት አለበት። የኋላው ትልቁ ማርሽ 25 ወይም 28 ጥርስ ከሆነ ይህ ምክር ሐረጎ ሥር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው ዳገቱ ነው። 34 ጥርስ ያለው ካሴት (ኋላ ጎማ ላይ የሚገጠመው የማርሾች ስብስብ) ከሁሉም በላይ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ዳገትን በቀስታ መውጣት ያስችላል።

የተገመገመው የሺማኖ ባለ 11 ፍጥነት ኤችጂ700 ነው። ጥርሶቹ 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 19፣ 21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 30 እና 34 ናቸው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተገጥሞ እስከ መጋቢት መጨረሻ 5,600 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ኋላ የሺማኖ 105 አር7000 ማርሽ ቀያሪ፣ ጎማው 700 በ28 ነው። አብዛኛው ጉዞ ከደሴ በኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ያለው መንገድ ሲሆን ቀሪው ወደ ሐይቅና ወደ ኩታበር ነበር።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የ700 በ28 ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.14 ሜትር ይሄዳል። ፊት 34፣ ኋላም 34 ሲሆን ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ በደቂቃ 70 ዙር ሲረገጥ ፍጥነቱ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ነው። ኋላ 28 ሲሆን በዚያው 70 ዙር 10.9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ሰው፣ ብስክሌትና ጓዝ አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑና ዳገቱ 7 ከመቶ ቢሆን ግን የመጀመሪያው ወደ 160 ዋት፣ ሁለተኛው ወደ 200 ዋት ይጠይቃል። በ28ቱ ላይ ሆኖ 9 ኪሎ ሜትር መሄድ የፈለገ ሰው በደቂቃ ወደ 58 ዙር ይወርዳል፤ ያኔ ጫናው ከሳንባ ወደ ጉልበት መገጣጠሚያ ይዞራል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ የተመቸ ጉልበት ደሴ መግቢያ ላይ ይከብዳል። ሳይጨምሩ መጨረስ የሚቻለው የቀረ ማርሽ ሲኖር ነው።

አገጣጠሙ ላይ ስህተት የሚበዛው በካሴቱ ዙሪያ ባሉት ነገሮች ነው። የአር7000 ማርሽ ቀያሪ በሁለት ርዝመት ይሠራል። ኤስኤስ የሚባለው ባለ አጭር እግሩ ኋላ እስከ 30 ጥርስ ብቻ ይቀበላል፤ ጂኤስ የሚባለው ባለ ረጅሙ እስከ 34 ይደርሳል። ትርፍ ሰንሰለት የመሰብሰብ አቅሙም መሰላት አለበት። ፊት ከ50 ላይ 34 ሲቀነስ 16፣ ኋላ ከ34 ላይ 11 ሲቀነስ 23፣ ድምሩ 39 ነው። የጂኤሱ አቅም ልክ 39፣ የኤስኤሱ 35 ነው። ሁለተኛ እጅ ብስክሌት የገዛ ሰው ካሴቱን ከማዘዙ በፊት ማርሽ ቀያሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከት።

ቀጥሎ ቀለበቱ አለ። ይህ ካሴት ከተለመደው ባለ 11 የመንገድ ካሴት ስለሚጠብ፣ ባለ 11 የመንገድ ፍሪሃብ (ካሴቱ የሚሰካበት የኋላ ጎማው አካል) ላይ ሲገባ ከጀርባው 1.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ያስፈልገዋል። ቀለበቱ ከተረሳ ካሴቱን የሚይዘው የላይኛው ክዳን እስከ መጨረሻው ቢጠብቅም ካሴቱ ይወዛወዛል፣ ማርሹም መስመር አይይዝም። ክዳኑ የሚጠብቀው በ40 ኒውተን ሜትር ነው። የመለኪያ ቁልፍ በሌለበት፣ በ25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 16 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። በጣት ጠበቅ አድርጎ መተው አይበቃም።

ሰንሰለቱ ከአሮጌው ካሴት የተረፈው ከሆነ ያጥራል። ትክክለኛው ርዝመት የሚገኘው ሰንሰለቱን በማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳያሳልፉ በፊት 50ና በኋላ 34 ላይ ጠምጥሞ፣ ከሚገናኝበት ላይ ሁለት ፒን ያህል በመጨመር ነው። አጭር ሰንሰለት ይዞ በስህተት 50 በ34 ላይ የገባ ሰው ማርሽ ቀያሪውን ከነማንጠልጠያው ሊገነጥለው ይችላል፤ ዳገት ላይ ድካም ሲመጣ ደግሞ ይህ ስህተት የማይቀር ነው።

ከዚያ ቢ የሚባለውን ብሎን ማስተካከል ይመጣል። ፊት 34፣ ኋላ 34 ላይ አድርገው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲያዞሩ ከበስተኋላ የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ፣ የማርሽ ቀያሪው የላይኛው ትንሽ ጎማ ከትልቁ ጥርስ ጋር እየተፋተገ ነው። ብሎኑን ወደ ውስጥ ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ በመካከላቸው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ከራቀ ፍትጊያው ይጠፋል፣ ነገር ግን ትንንሾቹ ጥርሶች ላይ ማርሹ ይዘገያል። በመጨረሻም የዝቅተኛው ማርሽ መገደቢያ ብሎን መፈተሽ አለበት። ሰንሰለቱ ከ34 አልፎ ራጂዎቹ መካከል ከገባ ሐረጎ ላይ የሚጠግነው የለም። ብስክሌቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከተጓዘ በኋላ ይህን ፍተሻ መድገም ያስፈልጋል፤ በማርሽ ቀያሪው በኩል ተኝቶ ሻንጣ የተጫነበት ብስክሌት ማንጠልጠያው ጥቂት እንኳ ቢጎብጥ መጀመሪያ የሚበላሸው 34 ላይ ያለው መስመር ነው።

የወቅቱ ዕቅድ በዚህ ማርሽ ዙሪያ ሲሠራ ብዙ ነገር ይቀላል። ለረጅም ርቀት ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ የፈረንሳዮቹ ብሬቬ፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የሚጨረስ ረጅም ጉዞ ነው፦ 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ30፣ 300 በ20 ሰዓት፣ 400 በ27 ሰዓት፣ 600 በ40 ሰዓት። የምግቡና የዕረፍቱ ጊዜ ሁሉ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። በየአራት ዓመቱ የሚደረገው የ1,200 ኪሎ ሜትሩ ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ገደቡ 90 ሰዓት ነው፤ ያለፈው በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ስለነበር ቀጣዩ በ2027 ይውላል። ከ200ው ውስጥ 60 ኪሎ ሜትሩ በ9 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚወጣ ዳገት ቢሆን 6 ሰዓት ከ40 ይወስዳል። ለቀሪው 140 ኪሎ ሜትር 6 ሰዓት ከ50 ይተርፋል፣ ማለትም ዕረፍቱን ጨምሮ በሰዓት 20.5 ኪሎ ሜትር። ይህ በደህና ሁኔታ ላይ ላለ ሰው የሚቻል ነው። ስለዚህ «በ9 ኪሎ ሜትር ብወጣ ሰዓት ይገድለኛል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ሰዓት የሚገድለው ዳገቱን በ200 ዋት ወጥቶ ቁልቁለቱ ላይ መዛሉ፣ ከዚያም ሻይ ቤት 50 ደቂቃ መቀመጡ ነው።

ለ200ው መለማመጃ የሚሆን መንገድ እዚሁ አለ። ደሴ–ሐይቅ ደርሶ መልስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር፣ ደሴ–ከሚሴ ደርሶ መልስ ወደ 150 ኪሎ ሜትር፣ ድምሩ 210 ገደማ። ሐይቅን ማለዳ ማስቀደም ይሻላል። ነገር ግን ያኔ ከሚሴ የሚደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከሚሴ ቆላማ ስለሆነ ሙቀቱ ውሃ ይጨርሳል፣ የመጨረሻው 25 ኪሎ ሜትርም ሐረጎ ነው። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ተቃራኒው ይቻላል፤ በ12 ሰዓት ተነስቶ ዳገቱን በብርድ መጨረስ። በሁለቱም መንገድ ከሚሌ በኩል የሚገቡት ከባድ ተሳቢዎች ኮምቦልቻ ዙሪያ ስለሚበዙ ኩርባዎቹ ላይ የኋላ መብራት በቀንም መብራት አለበት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ክረምቱ እስኪያልቅ ሐረጎ ላይ ጉም ስለሚተኛ ሐምሌና ነሐሴ ለአጭር ጉዞና ለጥገና ናቸው። የግሸን ተጓዥ መኪና ደሴን የሚሞላበት የመስከረም 21 ሰሞን ለረጅም ጉዞ አይሆንም። ከዚያ በኋላ እስከ ጥር ያለው ነው ዋናው ወቅት። የሳምንቱ ረጅም ጉዞ 60፣ 80፣ 100 እያለ ሦስት ሳምንት ይጨምርና አራተኛው ሳምንት ወደ 60 ይመለሳል፤ ቀጥሎ 110፣ 130፣ 150፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ 210። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ልክ በዚህ መሐል ይውላል፤ እስከ ቀትር ለሚጾም ሰው ረጅሙን ጉዞ ከዚያ በፊት መጨረስ ወይም ከገና በኋላ ማድረግ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ስለሚገባ በየዓመቱ እንደ አዲስ መቆጠር አለበት።

ዝቅተኛው ማርሽ ያመጣው ሌላ ጥቅም ምግብ ነው። በ200 ዋት የሚወጣ ሰው ማኘክ አይችልም፤ በ160 ይችላል። 100 ግራም በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በ750 ሚሊ ሊትር ውሃ ጥሩ የአንድ ሰዓት ተኩል ምግብ ነው። በሶው በደቃቁ ወንፊት ካልተነፋ ግን ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጥና የመጠጫውን ቀዳዳ ይደፍናል። ለከሚሴ ሙቀት ጠዋት የተበጠበጠውን ይዞ እስከ ከሰዓት ማቆየት አይገባም፣ ይኮመጥጣል። ደረቁን በፌስታል ቋጥሮ እዚያው መበጥበጥ ይሻላል።

ጉድለቱም አለ። 12 እና 14 ጥርስ የለም፣ ስለዚህ ከ15 ወደ 13 ሲወረድ እግር ይደነግጣል። በደቂቃ 85 ዙር 50 በ15 ሲሆን 36 ኪሎ ሜትር፣ 50 በ13 ሲሆን 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመሐሉ ያለው 39 የለም። ለብቻው ለሚነዳና በ25 ለሚጓዝ ሰው ይህ አይታወቅም። በቡድን ሆኖ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በፍጥነት የሚወርድ ሰው ግን በየደቂቃው ይሰማዋል። እንዲህ ላለ ሰው 11-32ቱ ይሻላል። 12፣ 13 እና 14 አሉት፣ በ70 ዙር ዳገት ላይ 9.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ34ቱ የሚለየው በ6 ከመቶ ብቻ ነው። ደሴ ለሚኖርና ጓዝ ለሚጭን ግን 34ቱ ይቅደም።

ፊት ከ50 ወደ 34 የሚወረደውም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ሲቀይሩ ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ወደ 34ቱ ሲወርዱ ኋላውን ወዲያው ሁለት ማርሽ ወደ ትንንሾቹ መመለስ እግሩ ባዶ እንዳይዞር ያደርጋል።

ካሴቱ ራሱ በ5,600 ኪሎ ሜትር አልተበላም፤ ጥርሶቹ ላይ ማጎንበስ የለም፣ 17 እና 19 ላይ ብቻ ትንሽ መሳል ይታያል። የፍሪሃቡ አካል አሉሚኒየም በሆነበት ግን ተነጣጣዮቹ ትንንሽ ጥርሶች ጠርዙን ነክሰውታል፤ ካሴቱ ሲፈታ በቀላሉ አልወጣም። ንክሻውን በጠፍጣፋ ሞረድ አስተካክሎ፣ ቀጭን ግራሶ ቀብቶ፣ ክዳኑን በትክክል ማጥበቅ በቂ ነው። ክዳኑ የላላ ከሆነ ንክሻው በፍጥነት ይጠልቃል።

ሰንሰለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው በክረምት ጭቃ 2,600 ኪሎ ሜትር ሄዶ ተቀየረ። የሞተር ዘይት መቀባት ይህን ያፋጥናል፤ አቧራ ይዞ ልክ እንደ ሞረድ ይፈጫል። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቆ፣ በየፒኑ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሮ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላዩን በጨርቅ መጥረግ ነው። ነጭ ጋዙ የፍሬን ሸራና የሃብ ኩሽኔት እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መለኪያ የሌለው ሰው በብረት ማስመሪያ ይለካዋል፦ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ከአንድ ፒን መሐል ተነስቶ 24 ፒን ሲቆጠር አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ሲደርስ 0.5 ከመቶ ረዝሟል፣ መቀየር አለበት፤ ካለፈ ካሴቱን መብላት ይጀምራል። በጥቅምት የገባው ሁለተኛው ሰንሰለት በደረቁ ወራት 3,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ አሁን 305.9 ላይ ነው። በልጉ እየዘነበ ስለሆነ ግንቦትን አይሻገርም፤ ሦስተኛው ተገዝቶ ተቀምጧል።