64ቱን ገጽ 9 ላደረገችልኝ የድሬ ልጅ

ይህን የምጽፈው በኦንላይን ሱቅ ለምትነግዱ ሁሉ፣ በተለይ ሐረርና ድሬዳዋ ላላችሁ ነው። አንዲት ልጅ ከሁለት ዓመት ጭንቀት ገላግላኛለችና ዝም ብል ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

የሐረር ስፌት እሸጣለሁ። ጀጎል ውስጥ ያሉ እናቶች ይሰፋሉ፣ እኔ ከየቤታቸው እሰበስባለሁ፤ ካናዳ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሾፒፋይ በሚባለው የኦንላይን መሸጫ ላይ ሱቅ ከፍታልኝ ገንዘቡም በእሷ በኩል ይመጣል። አንድ ሰፌድ ተሰፍቶ በደረሰኝ ቁጥር ፎቶ አንስቼ አዲስ ገጽ እከፍትለት ነበር። ትንሹ ቀይ ለብቻው፣ ትልቁ ቀይ ለብቻው። በሦስት መጠንና በአራት ቀለም የሚሰፋው የግድግዳ ሰፌድ ብቻውን 12 ገጽ ያዘ። ጠቅላላው 64 ደረሰ። ገዢዎች «ትልቁ የለም ወይ?» ብለው ይጽፉልኛል። ትልቁ አለ፤ ግን አርባ ገጽ ወርዶ ማን ያገኘዋል? ያለቀው ከላይ ተቀምጦ፣ ያለው ከታች ተቀብሮ ሥራዬ እየሞተ ነበር።

አንድ ዓይነት የሆኑትን በአንድ ገጽ ሰብስቦ መጠንና ቀለሙን ገዢው እንዲመርጥ ማድረግ እንደሚቻል ሰማሁና ሰው ፈለግሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ ነኝ ባይ «ይህ አይሆንም፣ አዲስ ሱቅ ልክፈትልሽ» አለኝ። ሁለተኛው 20,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለኝና አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ በአንድ ሌሊት ሠራው። ጠዋት ስነሳ ብዙዎቹ የድሮ ገጾች ጠፍተዋል። ለዓመታት በቴሌግራም የላክኋቸው ሊንኮች ሁሉ «ገጹ አልተገኘም» ይላሉ። ደንበኞቼ «ሱቁን ዘጋሽው እንዴ?» እያሉ ደወሉ። ፎቶና ቀለሙንም አዘበራርቆታል፤ አሜሪካ ያለች አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ቀይ አዝዛ ጥቁር ደረሳት። የመላኪያውን ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ሰውየው ስልክ ማንሳት አቆመ። ገንዘቡ ይቅር፤ እኔን የሰበረኝ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ስለዚህች ልጅ የሰማሁት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምትኖረው። ደውዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩን ከመንካቴ በፊት ስፌቶቹን በዓይኔ ልያቸው» አለችኝ። በነጋታው ቅዳሜ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥታ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጣ ቤቴ መጣች። ከእነዚያ ሰዎች አንዱም እኮ አንድ ሰፌድ እንኳ በእጁ ዳስሶ አያውቅም!

ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ያለኝን ሁሉ አውጥተን ዘረጋነው። ሁለት ሁለቱን እያነሳች ትጠይቀኛለች፦ «አንድ ሰው ይህንን ብሎ መጥቶ ያኛውን ብትሰጪው ‹ያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው› ይላል? ወይስ ‹እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው› ይላል?» ያው ነው የሚባለውን በአንድ ወገን፣ ሌላ የሚባለውን በሌላ ወገን ትከምራለች። በሠርግ ጊዜ ለአማት የሚሰጠውን ሐማት ሞት ከሌላው ስፌት ጋር ልትደርበው ስትል ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ ወዲያው አንስታ ለብቻው አኖረችው። ቡናው ሦስተኛው ሳይቀዳ ምንጣፉ ላይ ዘጠኝ ክምር ቆመ። ሱቄን እንደዚያ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር።

የኮምፒውተሩን ነገር እንዴት እንደሠራችው አልገባኝም፤ የገባኝን ልንገራችሁ። ሾፒፋይ ለአንድ ዕቃ እስከ ሦስት ዓይነት ምርጫ ይፈቅዳል፤ እኛ መጠንና ቀለም አደረግን፣ ለሙዳዮቹ ደግሞ ከነክዳኑ ወይም ያለ ክዳን የሚል ጨመርን። እያንዳንዱ ምርጫ የራሱ ዋጋና የራሱ ቁጥር አለው፤ ትልቁ ጥቁር ሲያልቅ እሱ ብቻ «አልቋል» ይላል፣ ሌላው መሸጡን ይቀጥላል። ቀይ ሲነካ ቀዩ ፎቶ ይመጣል። የድሮዎቹን ሊንኮች አንድ በአንድ ወደ አዲሶቹ ገጾች መራቻቸው፤ ያ ሰው ያጠፋቸውን ጭምር። ከሦስት ዓመት በፊት የላክሁትን ሊንክ ራሴ ሞከርኩት፤ ቀጥ ብሎ ትክክለኛው ሰፌድ ላይ ወሰደኝ።

አሁን ወደዚያ ነገር ልመለስ። እናቴ ሰንጋ በር አካባቢ ከሐረሪ ጎረቤቶቿ ስፌት የተማረች ሴት ነበረች። የመጨረሻ ሙዳይዋ ክዳን አላለቀም፤ የስንደዶው ጫፍ እንደተንጠለጠለ፣ ወስፌዋም እንደተሰካ ነው። ያንን ሙዳይ ሱቁ ላይ አድርጌ ከሥሩ ስለ እሷ ጥቂት ቃል ጽፌ ነበር። ለሽያጭ አልነበረም። ያ ሰው ከሌሎቹ ጋር አጠፋው። ጽሑፉን ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር፤ እናቴ ሁለተኛ የሞተችብኝ መሰለኝ።

ልጅቱ ሙዳዩን ከመደርደሪያው ላይ አየችው። ወስፌውን ሳትነካ ቀስ ብላ አንስታ «ይህቺስ ከየትኛው ክምር ናት?» አለችኝ። መመለስ አቃተኝ፤ አለቀስኩ። ምንም አላለችም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ማታ ድሬ ከገባች በኋላ የእህቴ ልጅ ዘንድ ደውላ፣ ሱቁ እንደተከፈተ ሰሞን የተቀመጠ አንድ የድሮ ፋይል አስልካ፣ ስለ እናቴ የጻፍኩትን ከዚያ ውስጥ ቃል በቃል አወጣችው። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ ሙዳዩን መስኮት አጠገብ ፎቶ አነሳችው። ዛሬ ለብቻው የራሱ ገጽ አለው፤ ከማንም ጋር አልተደባለቀም፤ ዋጋ የለውም፤ የሚገዛበት ምልክትም የለውም።

ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቀችኝም። ሥራው አልቆ፣ እኔ ራሴ እያንዳንዱን ገጽ ከፍቼ ካየሁ በኋላ 6,000 ብር ብቻ ተቀበለች። ልጨምርልሽ ብላት እምቢ አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ «እትዬ፣ ቀለም የተሳሳተበት ትእዛዝ መጣ ወይ?» ብላ ደወለችልኝ። አልመጣም። እስከ ዛሬም አንድም አልመጣም።

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ሱቃችሁን ለማንም አትስጡ። ዕቃችሁን ሳያይ «በአንድ ሌሊት እጨርሳለሁ» ለሚል ሰው ቁልፉን አትስጡ። ልብስ የምትሸጡ፣ ቡና በየመጠኑ የምታሽጉ፣ ሽቶና ዕጣን ያላችሁ፣ ወደዚህች ልጅ ሂዱ። ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፈው ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ለመጠየቅ አትፈሩ፤ አትቆጣም፣ አትሰለችም፣ አሥር ጊዜ ብትጠይቋት አሥር ጊዜ ታስረዳለች።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው፦ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ለአንቺ ያዘዝኩት ሰማያዊ ሰፌድ ግማሽ ደርሷል። ሲያልቅ ድሬ ድረስ ይዤው እመጣለሁ።