እንጦጦ ወይስ ደብረ ሊባኖስ፦ ልጆችን ከተፈጥሮ ስለ እምነት ለማስተማር የቱ ይሻላል?

ወጪው፦ ለእንጦጦ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይበቃል። ደብረ ሊባኖስ ግን ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ መኪናም ስንቅም ይጠይቃል።

ትምህርቱ፦ እንጦጦ ላይ ቶሎ የሚመዘዘውን ባሕር ዛፍና ቀስ ብሎ የሚያድገውን ጽድ እያሳዩ ስለ ትዕግሥት ማውራት ይቻላል። ደብረ ሊባኖስ ግን ይበልጣል ባይ ነኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ያየ ልጅ፣ ማቴዎስ 6 ላይ ሳይዘሩ ሳያጭዱ እግዚአብሔር ስለሚመግባቸው የሰማይ ወፎች የተባለው ቶሎ ይገባዋል። (ስብከት አታብዙበት እንጂ!)

ሥጋቱ፦ ደብረ ሊባኖስ ላይ ገደሉ፣ እንጦጦ ላይ ብርዱ።

ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ወይም ሕፃን ያዘለ እንጦጦ ይውጣ። ሙሉ ቅዳሜ ያለውና የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም መሳለም የሚፈልግ ደብረ ሊባኖስ ይሂድ፤ ቢቻል ክረምቱ እንደወጣ፣ ሣሩ ለምለም ሳለ።